ከሲልቨር ስፕሪንግ ሳሪስ የገቡ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ተልኮ ሚስቴ ስትጠየቅልኝ እኔ ጠረጴዛ ስር ነበርኩ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጉልበቴን አጥፌ፣ አንድ እጄን የኮምፒውተር ገመድ ላይ አድርጌ፣ ከራሴ በላይ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ስለ እኔ ሲናገሩ እየሰማሁ ነበር። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገር ግን ያ ቅዳሜ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ያኔ ሃያዎቹን አጋምሼ ነበር። ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ከአጎቴ ከጋሽ ታደሰና ከባለቤታቸው ከእትዬ አልማዝ ጋር እኖር ነበር። እናትና አባቴ የሞቱት በልጅነቴ ስለሆነ ያሳደጉኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። እሳቸው ቀድመው አሜሪካ ገቡ፤ በኋላ እኔ ዲቪ ሲደርሰኝ ሻንጣዬን ይዤ ቀጥ ብዬ የመጣሁት እሳቸው ቤት ነው። የራሳቸው ልጅ የላቸውም። ጠባያቸው ዝምታ ነው። ከአፋቸው ሰምቼ የማውቀው ትልቁ ምስጋና «ደህና» የምትለዋ ቃል ነበረች። ፈተና አልፌ ስመጣ፣ «ደህና»። በመጀመሪያው ደሞዜ የክረምት ካፖርት ስገዛላቸው ለብሰው በመስተዋት ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ደህና»። ከዚያ በላይ አይጨምሩም። እኔም ከዚያ በላይ መጠበቅ ትቼ ነበር።

ሥራዬ ዲሲ መሀል ከተማ፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ስር ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። ኮሌጅ ጀምሬ ነበር፤ መጀመሪያው ዓመት ላይ አቋረጥኩት። ከዚያ ሕንፃ ውስጥ ካሉት ቢሮዎች አንዱ ዕቃ ሲቀይር አሮጌ ኮምፒውተሮቹን «የፈለገ ይውሰድ» ብሎ ኮሪደር ላይ ደረደራቸው። አንዱን አነሳሁ። የአጎቴ ጓደኛ ጋሽ መኮንን ታክሲ ነጂ ስለሆኑ በእሳቸው መኪና ጭነን ወደ ቤት ወሰድነው። ሞኒተሩ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ከኋላው የረዘመ፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ ነበር። እትዬ አልማዝ ሊቪንግ ሩም ውስጥ የክብር ቦታ ሰጡትና በሳምንቱ ነጭ ዳንቴል ሠርተው አለበሱት። ኮምፒውተሩን ለመክፈት መጀመሪያ ዳንቴሉን አጥፎ ሶፋው ላይ ማስቀመጥ ግዴታ ነበር።

በዚያ ፎቅ ካሉት አበሾች ቤት የገባ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ስለነበር ሰው ሁሉ የራሱን ጥቅም አገኘለት። ጋሽ መኮንን ጠዋት ጠዋት እየመጡ የትኛው አውሮፕላን እንደዘገየ ያያሉ፤ ኤርፖርት ሄደው በከንቱ ከመሰለፍ ዳኑ። እትዬ አልማዝ የመንጃ ፈቃድ ጥያቄዎችን በእሱ ላይ እየተለማመዱ ፐርሚታቸውን አወጡ። ከታች ፎቅ ያለች ጎረቤታችን የልጇን ክርስትና መጥሪያ ሠራችበት፤ ጥግ ጥጉን በአበባ ሞላችው። አንድ ሌላ ጎረቤት ደግሞ ሚስቱ ከሥራ እስክትገባ ድረስ ካርታ ይጫወትበታል፤ ሲሸነፍ «ይህ ዕቃ ያጭበረብራል» እያለ ይጣላዋል። እኔም ሳላስበው የሁሉም ጸሐፊ፣ ጠጋኝና አስተማሪ ሆንኩ።

ሕይወትንም ያገኘኋት በዚያው ሰበብ ነው። ከዲሲ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነበር የምትኖረው፤ ቀን ቀን አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ማታ ነርሲንግ ትማራለች። እኛ ሕንፃ ውስጥ ያለች የአክስቷ ልጅ «ኮምፒውተር ያለው ልጅ አለ» ብላት ለትምህርት ቤት የሚሆን ጽሑፍ ፕሪንት ልታደርግ መጣች። እትዬ አልማዝ ሻይ ሰጧት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግማ መጣች። ሁለተኛ ስትመጣ ፕሪንት የሚደረግ ነገር አልያዘችም።

ከዓመት በላይ ከተዋወቅን በኋላ እንጋባ አልኳት። ደስ አላት፣ ዓይኗም እንባ ሞላው። ግን ቀለበቱን አልተቀበለችኝም።

«አባቴ ሳይጠየቅ አይሆንም» አለች። «ሌላው ነገር ሁሉ እንደ አሜሪካ ይሁን። ይቺ ብቻ እንደ ቤታችን ትሁንልኝ።»

አባቷ አቶ በላይነህ ይባላሉ። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አዲስ አበባ ሳሪስ የሚኖሩ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው ትለኛለች። ነገሩን ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችንን ሽማግሌ አድርገን እንላክ አልኩ። ጋሽ ታደሰ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። እነሱ ሄደው ምን ብለው ይመሰክራሉ? ከሄድኩ እኔው ነኝ የምሄደው።»

«ወረቀትዎ እኮ አላለቀም፣ ጋሼ። እንዴት ይሄዳሉ?» አልኳቸው። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ገና በሂደት ላይ ስለነበር ከአገር መውጣት አይችሉም።

ቀስ ብለው ዞር አሉና ዳንቴል የለበሰውን ኮምፒውተር ተመለከቱ። «ያ ነገር ፊት ያሳያል ያልከኝ አይደለም?»

እንዲህ ነው የተጀመረው። የሕይወት ታላቅ እህት ማርታ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ትሠራለች፤ ቤታቸው ኮምፒውተርና በስልክ መስመር የሚገባ ኢንተርኔት ነበራቸው። አቶ በላይነህ መጀመሪያ ሲነገራቸው ተቆጡ። «ሽማግሌ በር ያንኳኳል እንጂ በመስኮት ያጮልቃል እንዴ?» አሉ አሉ። ባለቤታቸው እማማ ጥሩነሽ ናቸው ቀስ በቀስ ያለዘቧቸው። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ሥርዓቱ አንድም ሳይጎድል ይፈጸም፤ በተለይ ልጁ በቦታው አይገኝ። ልጅ በሽማግሌ መሀል አይቀመጥም።

ችግሩ ያ ነበር። ያንን ኮምፒውተር ከእኔ በቀር የሚያዝዘው ሰው የለም። ገመዱ ሲላላ፣ ድምፁ ሲጠፋ፣ ምስሉ ሲደርቅ ማን ያስተካክላል? ጋሽ ታደሰ ቀኑን ሙሉ አሰቡበትና ፈረዱ።

«ጠረጴዛው ስር ትሆናለህ። አትታይም። አትሰማም። እንደሌለህ ቁጠረው።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ በእነሱ ወደ ማምሻው ሲሆን፣ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሦስት ናቸው። ጋሽ ታደሰ ሱፍና ከረባት አድርገዋል። ጋሽ መኮንን ግዙፍ ናቸው፤ ድምፃቸውም እንደ ሰውነታቸው ነው። ሦስተኛው አቶ ለማ ከቤተ ክርስቲያናችን የመጡ፣ ሥርዓት አዋቂና ለስላሳ ሰው ሲሆኑ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። እትዬ አልማዝ ወጥ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ አድርገውታል። ሕይወት አሌክሳንድሪያ ሥራ ላይ ናት፤ ስልኳን ኪሷ ውስጥ አድርጋ ትጠብቃለች።

ለዚሁ ብዬ የገዛኋትን ትንሽ ካሜራ ሞኒተሩ አናት ላይ አስቀምጬ በኮምፒውተሩ ደወልኩና ወደ ጠረጴዛው ስር ገባሁ።

መስመሩ ጥቂት ከተንጫጫ በኋላ የማርታ ድምፅ ተሰማ። «ይሰማል? አባዬ፣ ገብተዋል!»

«ጤና ይስጥልኝ!» ብለው ጋሽ መኮንን ጮኹ። ኢትዮጵያ ድረስ የሚሰማው በጩኸት ይመስላቸው ነበር። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን በእግሩ መታ።

«ዝግ ብለህ፣ መኮንን» አሉ አቶ ለማ በሹክሹክታ።

ሰላምታው ረዘመ። ስለ ጤና፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ዝናቡ። እኔ ከታች ሆኜ የማየው የሽማግሌዎቹን እግር ብቻ ነበር። ጋሽ መኮንን ከወገብ በላይ ሱፍ፣ ከወገብ በታች የስፖርት ሱሪና ነጠላ ጫማ ነበሩ። «ከወገብ በታች ማን ያየዋል?» ብለውን ነበር ጠዋት። በዚህ መሀል ከወዲያ በኩል ወፍራም፣ ያልተቻኮለ ድምፅ መጣ። አቶ በላይነህ ናቸው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቆማችሁ ነው ወይስ ተቀምጣችሁ? እኔ የማየው ፊታችሁን ብቻ ነው።»

ሽማግሌ ተቀመጡ ሳይባል አይቀመጥም። አቶ ለማ «ቆመን ነው፣ እግዚአብሔር ያክብርዎ» አሉ።

«አላየሁማ።»

የጋሽ ታደሰ ጫማ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው፤ ለእኔ ነው። እጄን ብቻ ከጠረጴዛው በላይ አውጥቼ ካሜራዋን ቀስ ብዬ ወደ ታች አዘነበልኳት። የጋሽ መኮንን የስፖርት ሱሪ፣ ነጠላ ጫማውና ትልቁ የእግር ጣታቸው በሙሉ ሳሪስ ገባ።

ከወዲያ የሴት ሳቅ መጣ፣ ወዲያው ታፈነ። አቶ በላይነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አየሁ። ቆማችኋል። እንግዲያው ተቀመጡ።»

ወንበሮቹ ተንቀሳቀሱ። እኔም ካሜራዋን ወደ ቦታዋ መለስኳት። አቶ ለማ ጸሎት አደረሱና ነገሩን ጀመሩት። ዝምድና ፈልገን ነው የመጣን፣ ልጃችሁን ሕይወትን ለልጃችን ለዳዊት እንድትሰጡን ነው አሉ። ባሕር ቢለየንም ሥርዓቱ አንድ ነው አሉ። ቆንጆ አድርገው ተናገሩት። አቶ በላይነህ እስከ መጨረሻው ሰሙና ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ስለ ክብራችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አስተማሪ ስለነበርኩ ጥያቄ አበዛለሁ። ልጄን የላክኋት እንድትማር ነው። የእናንተ ልጅ ትምህርቱን ትቶታል አሉ። መኪና ማቆሚያ መሥራቱን አልናቅሁም፤ ሥራ ነው። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ትምህርት የተወ ሰው የሚስቱ መማር መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ በኋላ ግን ይከብደዋል። ዛሬ ቅሪ፣ ነገ ትደርሺበታለሽ ይላታል። በሥራ ዘመኔ ስንት ብሩህ አስተማሪዎች እንዲህ ሆነው ሲቀሩ አይቻለሁ። ለዚህ ምን ትሉኛላችሁ?»

እውነታቸውን ነው። ትምህርቱን ትቻለሁ። ጋሽ መኮንን «ሥራ ማለት እኮ...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ የጋሽ ታደሰ እጅ ጉልበታቸው ላይ ሲያርፍ አየሁ።

«እኔ ልመልስ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ወንበራቸውን ወደ ካሜራዋ አስጠጉ።

«አቶ በላይነህ፣ ልጁ ትምህርቱን አልተወም። ያስተውኩት እኔ ነኝ። እዚህ አገር በገባ በዓመቱ ወገቤን ታምሜ ተኛሁ። ብዙ ወር ነው የተኛሁት። ሥራዬም ቆመ። አንድ ማለዳ ልጁ ቦርሳውን ሳይዝ ሊወጣ ሲል፣ ዛሬ ትምህርት የለህም ወይ አልኩት። ዕረፍት ነው፣ ጋሼ፣ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሺፍት ሠራ። ዕረፍት አለመሆኑን አውቄ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። ምን ልበለው? ተመለስ ብለው ቤቱ ይዘጋል። አትመለስ ማለት ደግሞ አልቻልኩም።»

ትንፋሽ ወሰዱ።

«ሥራ ውሎ ይገባል፤ ጎንበስ ማለት ስለማልችል ካልሲዬን ያወልቅልኛል። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ጫማዬን ያስርልኛል፤ የምሄድበት እንኳን ሳይኖረኝ ያስርልኛል፤ ሰውነቴ እንዳይዝል ብሎ ነው። አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። ትምህርቴ ቀረ ብሎ አንድ ቀን አልነገረኝም። ይኸው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እኔ አባቱ አይደለሁም፣ አጎቱ ነኝ። አባት ብሆን ግን ከዚህ ሌላ ልጅ አልመኝም ነበር። ለእኔ ብሎ የራሱን ትምህርት ያስቀመጠ ልጅ የሚስቱ መማር ይከብደዋል? እርስዎ አስተማሪ ነዎት፤ ይፍረዱ።»

እዚህ ላይ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አስቤ ብዙ ጊዜ ቃል ፈልጌአለሁ። ጠረጴዛው ስር አቧራ ነበር፤ አንድ የወደቀ ብዕርና የጋሽ ታደሰ ጥቁር ጫማ ነበረ። ያንን ጫማ እያየሁ ነው እንባዬ የመጣው። እኔ አያውቁም ብዬ ነበር። «ዕረፍት ነው» ያልኳቸውን አምነውኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ለካ ያንን ሁሉ ጊዜ አንድ በአንድ ያዩ ነበር። አንድ እጄ ገመዱን ስለያዘ በሌላው አፌን ያዝኩ።

ጋሽ ታደሰ ግን አልጨረሱም።

«ደግሞም በመጪው መስከረም ትምህርቱን ይቀጥላል። እኔ አሁን ጤነኛ ነኝ፤ ሠርቼ አግዘዋለሁ። ይህን ቃል የምሰጠው እኔ ነኝ።»

መስከረም? ስለ መስከረም ያወራነው ነገር የለም! በድንጋጤ ቀና ስል አናቴ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። ሞኒተሩ ተንቀጠቀጠ።

«ምንድን ነው የወደቀው?» አሉ አቶ በላይነህ።

«ቤቱ ያረጀ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ከዚያ አቶ በላይነህ፣ «እንግዲህ ሰማሁ» አሉ። «እኔ የምለው...»

ድምፁም ምስሉም ተቋረጠ።

«የሚሉት ምን?» አሉ ጋሽ መኮንን። «የሚሉት ምን? ዳዊት! ሰውየው የሚሉት ምንድን ነው?»

ከጠረጴዛው ስር ወጣሁ። ደወልኩ፤ አይገባም። እንደገና ደወልኩ፤ ይንጫጫል፣ ይቆረጣል። አቶ ለማ በለስላሳ ድምፃቸው «በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ነው የሚባለው» አሉ። ሊያጽናኑኝ ነበር፤ እኔ ግን ባሰብኝ። ጋሽ ታደሰ ከወንበራቸው አልተነሱም። ከረባታቸውን ፈታ አድርገው ጣሪያውን ያያሉ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም፤ እሳቸውም ወደ እኔ አልዞሩም። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ትርገበገባለች፤ ሕይወት ናት፤ የምላት ስላልነበረኝ አላነሳሁም።

በስንት ልመና መስመሩ ገባ። ምስል መጣ፤ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ የምትንቀረፈፍ ምስል። ድምፅ ግን የለም። ስፒከሩ ላልቶ ይሆናል ብዬ ከሞኒተሩ ፊት ተንበርክኬ ገመዱን ነቅዬ መሰካት ጀመርኩ። እዚህ እነካለሁ፣ እዚያ እነካለሁ። ቀና ስል አቶ በላይነህ ያዩኛል።

በቀጥታ ዓይን ለዓይን ነው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አስጠግተው ያዩኛል። በቦታው አይገኝ የተባለው ልጅ፣ ዓይኑ እንደቀላ፣ ፀጉሩ ላይ የጠረጴዛ ስር አቧራ እንዳለ፣ ሞኒተራቸው መሀል ቁጭ ብሏል።

«አለቀልን» አሉ አቶ ለማ።

ልሸሽ? ሸሽቼ የት እገባለሁ? ሌላ ነገር ሲጠፋኝ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ቀና ስል የአቶ በላይነህ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ወደ ኋላ ዞረው አንድ ሰው ጠሩ። አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት እጃቸውን እያደራረቁ መጡ፤ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። አቶ በላይነህ በጣታቸው እኔን እያሳዩ አንድ ነገር ነገሯቸው። ሴትዮዋ ወደ ካሜራው ቀረቡ፣ ትክ ብለው አዩኝ፣ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፣ ፊታቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አለቀሱ!» አሉ ጋሽ መኮንን። «ታደሰ፣ ሴትዮዋ አለቀሱ!»

«አዝነው ነው» አሉ አቶ ለማ። «ዋሽተናቸዋላ።»

ጋሽ ታደሰ ያን ጊዜ ተነሱ። አጠገቤ መጥተው ቆሙ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና እትዬ አልማዝ መሐረባቸውን እያስተካከሉ መጡ። ወደ ሞኒተሩ ጎንበስ ብለው አንድ አፍታ አዩ።

«እናንተ ሰዎች ዓይን የላችሁም?» አሉ። «የምን ልቅሶ ነው? እልልታ ነው እንጂ! ምላሷን አታዩም?»

ለካ እውነት ነው። ሴትዮዋ እልል እያሉ ነው። ድምፁ ሳሪስ ቀርቶ ምስሉ ብቻ ነበር የደረሰን። እትዬ አልማዝ የጎደለውን ሞሉት። ራሳቸውን ቀና አድርገው እልልልል ሲሉ ቤቱ ተናወጠ። ጋሽ መኮንን በዚያ ግዙፍ መዳፋቸው አጨበጨቡ። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበ፤ ማንም አልሰማውም።

ወዲያው የቤት ስልኩ ጮኸ። ማርታ ናት፣ በሞባይሏ፤ «አባዬ ሊያናግሩ ነው» አለች። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ዘረጉ። የአቶ በላይነህ ድምፅ ግን ከስልኩ አልፎ ተሰማ።

«ሽማግሌዎቹን አይደለም። ከጠረጴዛ ስር የወጣውን ስጡኝ።»

ስልኩን ተቀበልኩ።

«ዳዊት ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ፈራህ?»

«በጣም።»

«ጥሩ ነው። ለልጄ የሚፈራ ሰው ደስ ይለኛል። አጎትህ ስለ መስከረም የተናገሩትን እዚያ ስር ሆነህ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ቃሉ የእሳቸው ነው። ያንተን ልስማ።»

ጋሽ ታደሰን አየኋቸው። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። «እመለሳለሁ፣ አባባ» አልኩ። «በመስከረም እመለሳለሁ።» ሳላስበው ነው ያልኩት፤ ካልኩት በኋላ ግን የራሴ ቃል ሆኖ አገኘሁት።

«እኔ እኮ መልሴን ተናግሬ ነበር» አሉ። «አጎትህ የነገሩኝ ልጅ ከሆነ ልጄን ሰጥቻለሁ ብዬ፣ መርቄ ጨርሼ ነው ቀና ስል የጠፋችሁት። አሁን ምርቃቱን ድገሙልኝ ልትሉኝ ነው?»

ደገሙት። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅ አድርጌ ሁላችንም ቆመን አሜን አልን።

ለሕይወት ኮል ሳደርግላት በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። «አባትሽ እሺ አሉ» አልኳት። በሹክሹክታ፣ «የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ገብቼ ነው የማናግርህ፤ እስኪ ሁሉንም ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለች። የጋሽ መኮንን ጣት ላይ ስደርስ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አንዲት አሮጊት «አር ዩ ኦኬ፣ ሃኒ?» እያሉ በሩን ሲያንኳኩ ሰማሁ።

እንግዶቹ በልተው፣ መርቀው ከሄዱ በኋላ እትዬ አልማዝ ወጥ ቤት ስለነበሩ ከጋሽ ታደሰ ጋር ብቻችንን ቀረን። ዳንቴሉን አንስቼ ሞኒተሩን አለበስኩት። እንዴት እንደምጀምር አላወቅኩም።

«ጋሼ፣ ያንን ሁሉ ያውቁ ነበር?»

«የቱን?»

«ዕረፍት ነው ያልኩዎትን።»

ከረባታቸውን አወለቁና በጥንቃቄ ጠቀለሉት። «የኮሌጅ ዕረፍት በጥቅምት ይጀምራል እንዴ?» አሉ።

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

የገረማቸው መሰለኝ። «ለሰውየው ለራሱ እንዴት ይነገራል?» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ለሌላ ሰው ነው የሚነገረው።»

በመስከረም ተመለስኩ። ጋሽ ታደሰ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ቅዳሜና እሑድ የእኔን ሺፍት እሳቸው ገቡልኝ። ሕይወት ቀድማኝ ነርስ ሆነች፣ አንድ ቀንም አልከበደኝም። እኔ ዘግይቼ የላብራቶሪ ቴክኒሽያን ሆንኩ። ሠርጋችንን ያደረግነው አሌክሳንድሪያ ነው። ያ ኮምፒውተርም ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ዝናው ወጣ። በእሱ ፊት የተጣሉ ባልና ሚስት ታረቁ፤ የአራስ ልጅ ለአያቱ ታየ፤ አንድ ጎረቤታችን መቅረት የማይሆንለትን የእናቱን የሰባ ዓመት ልደት ሻማ ከዚህ ሆኖ እፍ አለ። ከአውሮፕላን ሰዓት ጀምረን እዚህ ደረስን።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን የተማርኩትን ነገር አሳምሬ ልናገረው አልችልም። ባህላችን ምስጋናን ከሰው ጀርባ ያስቀምጣል። ለልቅሶና ለሽምግልና እናቆየዋለን። ልክ ነው ወይም ስህተት ነው አልልም፤ በዚያ መንገድ ነው ያደግነው። እኔ ግን አጋጣሚ ጠረጴዛ ስር ስላስገባኝ ስለ ራሴ የተባለውን በቁሜ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ጀርባዬ ቀና አለ። ብዙ ሰው ሳይሰማው ይኖራል። ስለዚህ እኔ ሁለቱን ሴት ልጆቼን ፊት ለፊት አመሰግናቸዋለሁ፤ እነሱም «ዳዲ፣ ስቶፕ» ይሉኛል። አላቆምም።

ጋሽ ታደሰና እትዬ አልማዝ አሁን ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ብሎ፣ አስፐን ሂል ነው የሚኖሩት። ባለፈው እሑድ ብቻዬን ሄድኩ። እትዬ አልማዝ ገበያ ወጥተው ነበር። ሻይ አፍልቼ ከፊታቸው ተቀመጥኩና፣ ለዓመታት የተለማመድኩትን ነገርኳቸው። ያለ እርስዎ ምንም አልነበርኩም አልኳቸው። አባት ልምረጥ ብባል እርስዎን ነበር የምመርጠው አልኳቸው። ፊት ለፊት፣ ዓይናቸውን እያየሁ።

ጋሽ ታደሰ ስኳሩን ማማሰል ጀመሩ። አማሰሉ፣ አማሰሉ። ማንኪያው ብርጭቆውን ይመታል።

«ሻይህን ጠጣ» አሉኝ በመጨረሻ። «ይቀዘቅዝብሃል።»

እኔ ጠጣሁ። የእሳቸው ግን ሳይነካ ቀዘቀዘ፤ ለመጠጣት መጀመሪያ ዓይናቸውን መጥረግ ነበረባቸው።